በወረቀት ላለ ሰው ዋስ

በየከተማው መጽሐፍ የሚጽፍ አንድ ጠበቃ አይጠፋም። ሐኪሙ ግጥም ይገጥማል፤ የባንክ ሠራተኛው ዜማ ይሞክራል፤ መምህሩ ስለ መምህርነቱ ያማርራል። ጠበቃው ግን ሰው ይገድላል። በወረቀት ላይ ነው፤ ቢሆንም ይገድላል። ጠዋት ፍርድ ቤት ቆሞ «ደንበኛዬ ንጹሕ ሰው ነው» ሲል የዋለ፣ ቤቱ ገብቶ ደግሞ ማን በምን ይታነቅ እያለ ያሰላስላል። እንዲህ ያለ ሰው ካላጋጠማችሁ ክስ የሚባል ነገር አያውቃችሁም ማለት ነው፤ አልሐምዱሊላህ በሉ።

የኛ የድሬዎቹ ክቡር ጠበቃና ደራሲ ሉቅማን ይባላል። ቢሮው ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ከሥሩ የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ፤ ፎቶ ኮፒም አነሣለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማንበብን ያጠናከርኩት ሰው «ኮፒ አንሣልኝ» እያለ ከሚያመጣልኝ ወረቀት ነው፤ ከውል፣ ከኒካሕ ወረቀት፣ ከክስ ማመልከቻ። የሉቅማንን ጽሑፎች ከማንም በፊት የማነበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማሽኑ ይሞቃል፣ እኔ አነባለሁ። አላህ ለሰው እንጀራውንና ትምህርቱን በአንድ ማሽን ሲሰጥ አይቼ አመስግኜዋለሁ።

ሉቅማን መጋላ ሰፈር ተወልዶ፣ መጋላ አድጎ፣ ሕግ ተምሮ ሲመለስ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ነበር። ብዙ አልቆየም። ያባረረው የለም፤ ክሶቹ እያማሩ ስለሄዱ ነው። የወንጀል ክስ ማለት ቀን፣ ቦታ፣ ድርጊት ነው። እሱ ግን አንድ የፍየል ሌባ ሲከስ «ጨረቃ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ለብቻዋ ተኝታ ሳለች፣ ተከሳሹ የሌላ ሰው ፍየል እንደ ገዛ ልጁ አቅፎ ታየ» ብሎ ጻፈ። ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ «ወጣቱ፣ ይሄን ሰው እንድንቀጣው ነው ወይስ እንድናዝንለት የምትፈልገው?» አሉት። ሉቅማን አሰበበት። ካሰበበት በኋላ ሥራውን ለቀቀና የራሱን ቢሮ ከፈተ።

የመጀመሪያ መጽሐፉ «ከመልካ ጀብዱ የመጣው ሬሳ» ይባላል። አሳታሚ አላገኘም፤ በራሱ አሳተመው፤ በራሱም ሸጠው። ቦርሳው ውስጥ ከሕግ መጻሕፍቱ ጋር ይዞት ይዞር ነበር። ችሎት ከመግባቱ በፊት ለተከራካሪው ወገን ሳይቀር ይሸጣል። አንድ ቀን የገዛ ደንበኛው ባላጋራ የሆነ ነጋዴ የፍርድ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ አየሁት። ስሙ ሲጠራ «ትንሽ ጠብቁኝ፣ አስከሬኑ ሊገኝ ነው» አለ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ በኋላ መጽሐፉን አይቶት ነበር። ወደደው፤ ግን «ሩጫ ይጎድለዋል፤ በምሳ ሰዓት ገዳዩ በከተማው መሐል ይሩጥ» አለው። ሉቅማን በስልክ የሰጠውን መልስ እኔ ሱቅ ቆሞ ስለነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ወንድሜ፣ በድሬ ፀሐይ ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ማን ይሮጣል? ሱቁ ዝግ፣ ቢሮው ዝግ፣ ውሻው ጥላ ውስጥ። ገዳዩም እኮ ሰው ነው፤ ይተኛል።»

እውነቱን ነው። በሉቅማን መጻሕፍት ውስጥ ከቀትር በኋላ ሰው አይገደልም። የሚገደል ሰው ካለም እስከ ዐሥር ሰዓት ይቆይለታል። አሳታሚው ስልኩን ዘጋ። ሉቅማን ግን እኛን አንባቢዎቹን አላጣም፤ ምክንያቱም ታሪኩ እንዴት እንደሚሄድ ከኑሯችን እናውቀዋለን። ምዕራፉ ሁሉ የሚያልቀው በቀጠሮ ነው። ልባችን ሲንጠለጠል፣ ምስክሩ አፉን ሊከፍት ሲል፣ «መዝገቡ ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ» ይላል። የውጭ ሰው ቢያነበው ይናደድ ይሆናል። እኛ ግን ክስ ያለን ሰዎች «ይሄስ የተጣራ እውነት ነው» እንላለን።

የሰው ስም ደግሞ አይምርም። ሳቢያን ሰፈር የሚሠራ አብዲራሺድ የሚባል ባለ ባጃጅ አለ፤ ያለማቋረጥ የሉቅማንን ቢሮ ደረጃ ዘግቶ ያቆማል። ሉቅማን ለመነው፤ አልሰማም። ተቆጣው፤ አልሰማም። «ዳኛው ሲያስነጥሱ» የሚለው ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ፣ አብዲራሺድ የሚባል ባለ ባጃጅ ገና በመክፈቻው ላይ በሻሽ ታንቆ ተገኘ። ጠብ ይነሣል ብለን ጠበቅን። አብዲራሺድ መጽሐፉን ገዝቶ ባጃጁ ውስጥ ሰቀለው፤ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር ገጹን ገልጦ «ይሄውልህ፣ እዚህ ጋ የሞትኩት እኔ ነኝ» ይላል። አንድ ቅሬታ ብቻ ነው ያለው።

«አቦ ሉቅማን፣ በጥይት ብትገድለኝ ምን ነበረበት? የወንድ አሟሟት ነው። በሻሽ! ባለቤቴ እስካሁን የማን ሻሽ ነው እያለች ትጠይቀኛለች።»

ባጃጁን ግን ዛሬም እዚያው ነው የሚያቆማት።

በቤቱም ቢሆን ያው ነው። ሚስቱ ሲሃም አስተማሪ ናት፤ ከሱ ጋር ኖራ ሕጉን ከሱ በላይ ለምዳዋለች። «ትናንት ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን ሐብሐብ የበላሽው አንቺ አይደለሽም?» ሲላት «ይሄ መሪ ጥያቄ ነው፤ አልመልስም» ትለዋለች። ችሎት ውስጥም ምስክር ሲጠይቅ፣ ሰውየው ጥሩ አባባል ከተናገረ ቆም ብሎ «እስቲ እሷን ቀስ ብለህ ድገማት» ይላል። ዳኛው ለክርክሩ የሚጠቅም መስሏቸው ይጠብቃሉ። እኛ ግን እናውቃለን፤ ያቺ አባባል በሚቀጥለው መጽሐፍ የሌባ አፍ ውስጥ ትገባለች።

እንግዲህ ክቡርነታቸው እንዲህ ያሉ ናቸው። አሁን ወደ ሃሺ ልምጣ።

ሃሺ ከጎዴ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ላይ ፍሬን እምቢ አለውና አንድ ጋሪ ገጨ፤ የባለ ጋሪው እግር ተሰበረ። ሃሺ አልሸሸም። ቁስለኛውን ራሱ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰና እዚያው ተያዘ። ሉቅማን ጉዳዩን በነፃ ያዘለት። ፍርድ ቤቱ «የሰው ዋስ ጠርቶ ይውጣ» ብሎ ፈቀደ፤ የከተማው ነዋሪ የሆነ፣ መታወቂያና የንግድ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ በቂ ነው። አንድ ሰው! ሃሺ ግን በድሬ ውስጥ አንድ ሰው አልነበረውም። ሚስቱ ዴቃ የሚጠባ ልጅ አዝላ ከአገሯ መጣች፤ በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሉቅማንን ትጠብቃለች። አማርኛ ብዙ አትችልም። ሲመጣ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ፊቱን አይታ መልሱን ታውቅና ዝቅ ትላለች።

ሉቅማን ራሱ ዋስ እንዳይሆን፣ አንድ ጊዜ ዋስ የሆነለት ሰው ጅቡቲ ገብቶ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲነሣ ጣቢያ ውስጥ ይሳቃል። ስለዚህ እየዞረ ሰው መለመን ያዘ። ሲለምን ግን እንደ ጠበቃ ነው የሚለምነው። መጋላ ድረስ ሄዶ ጨርቅ የምትሸጠውን ኤዶ ኒሞን ጠየቃት። ኤዶ ማለት አክስት ነው፤ የእኅት የወንድሟ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ከተማው ሁሉ ኤዶ ይላታል። አንቀጹን ነገራት፤ የመዝገቡን ቁጥር ነገራት፤ የዋሱን ግዴታ ዘረዘረላት።

«የማን ልጅ ነው?» አለችው።

«ሹፌር ነው፣ ኤዶ። በቸልተኝነት ጉዳት በማድረስ ነው የተከሰሰው።»

«ወርያ ሉቅማን፣ የማላውቀውን ሰው! ነገ ቢጠፋ እኔን እኮ ነው የሚይዙኝ።»

አብዲራሺድም እንዲሁ አለ። ሉቅማን እኔም ዘንድ መጣ። አንቀጹን ሰምቼ ስጨርስ «አላህ ያቅልለት» አልኩት። በድሬ ቋንቋ ይሄ እምቢ ማለት ነው።

ሉቅማን ደረጃውን ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት ከላይ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር። ከተማው ተኝቷል፤ እሱ ይጽፋል። በዚያ ሰሞን በቴሌግራም በየሳምንቱ የሚያወጣው «የጨው መኪና» የሚባል ታሪክ ነበረው፤ ስልክ ለሌለው ሰው እኔ አትሜ እሰጣለሁ። የታሪኩ ሰው ዐብዲፈታሕ ይባላል። ከአፍዴራ ጨው የሚጭን ሹፌር ነው፤ በሐሰት ተከሷል። እናቱን አውቀናት ነበር፤ ዓይኗ አያይም፣ የመኪናውን ድምፅ ግን ከሩቅ ትለያለች። ሲሰግድ ጫማውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ በረሃ ላይ ውኃውን ለማን እንዳካፈለ፣ ሲፈራ እንዴት እንደሚስቅ፣ ሁሉን እናውቃለን። መጋላ የጨርቅ ተራ ውስጥ ኢዲል የምትባል ነጋዴ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ረድፉ በሙሉ መለካቱን ትቶ ይሰማል።

በዚያ ሳምንት የወጣው ምዕራፍ እንዲህ ያልቃል፦ «ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ‹ለዚህ ሰው ዋስ የሚሆን አለ?› አሉ። አዳራሹ ውስጥ ከማራገቢያው በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ዐብዲፈታሕ ወደ ኋላው ዞረ። ከዚያ ፈገግ አለ።»

ሲፈራ እንደሚስቅ እናውቃለን ብያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ኤዶ ኒሞ ባለ አበባውን ድሪዕ ቀሚሷን ለብሳ፣ የንግድ ፈቃዷን በፌስታል ጠቅልላ ቆማለች።

«አብዲራህማን፣ ሉቅማን ገብቷል?»

«ገብቷል ኤዶ። በደኅና ነው?»

«ለዚያ ለልጁ ዋስ ልሆን ነው» አለችና ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ጉልበቷ ያማታል፤ በየደረጃው ትቆማለች። ዴቃ ተነሥታ መንገድ ለቀቀችላት። እኔ ሃሺን የምትል መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ሱቁን እንዲሁ ክፍቱን ትቼ ተከተልኳት።

ሉቅማን ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

«ያውልህ መታወቂያ፤ ያውልህ ፈቃድ። የት ነው የምፈርመው?»

«አላህ ይስጥልኝ ኤዶ፣ አላህ ይስጥልኝ! ሃሺ ይሄን ሲሰማ...»

«ሃሺ ማነው? ለዐብዲፈታሕ ነው እንጂ።»

ሉቅማን እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ኤዶ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዐብዲፈታሕ እኮ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«አስተግፊሩላህ በል! ፈጣሪ አንድ ነው።»

«አስተግፊሩላህ። ማለቴ፣ ከልቤ ያወጣሁት ታሪክ ነው።»

ሴትዮዋ ፌስታሉን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ያዘነች ወይም የተናደደች መስሎን ጠበቅን። በዚህ መሐል ደረጃው ተንቋቋና አብዲራሺድ ገባ፤ እሱም መታወቂያውን በእጁ ይዟል።

«ሉቅማን፣ አንድ የሕግ ጥያቄ አለኝ» አለ። «እኔ በመጽሐፍህ ሞቻለሁ። ለዚህኛው ሰውዬ ዋስ መሆን ይከለክለኛል?»

አልሳቅንም። መሳቅ ይገባን ነበር፤ ግን ኤዶ ኒሞ ሉቅማንን ትኩር ብላ እያየች ነበርና ማንም አልደፈረም።

«ታሪክ ነው አልክ» አለችው። «እሺ። ዋስ ያጣው ሰውዬ ግን ውሸት አይደለም። እሱን ከየት አመጣኸው?»

ክቡር ጠበቃና ደራሲያችን በሩን ከፈተና በጣቱ ወደ ደረጃው አመለከተ። ዴቃ ልጇን እያጠባች ተቀምጣለች።

«ያቺ ሚስቱ ናት» አለ። «ሃሺ ነው።»

«ያ የነገርከኝ?»

«አዎ፣ ያ የነገርኩሽ።»

«አልነገርከኝም» አለች ኤዶ ኒሞ። «ወላሂ አልነገርከኝም። ያን ቀን መጥተህ አንቀጽ አንብበህልኝ ሄድክ። ሰውየውን አልነገርከኝም። በል አሁን ቁጭ በልና ንገረኝ፤ የማን ልጅ ነው?»

ሉቅማን ተቀመጠ። ወረቀት አላነሣም፤ ኮምፒውተሩን አልከፈተም። ሃሺ የማን ልጅ እንደሆነ ነገረን። አባቱ ግመል እያጠጣ እንዳሳደገው፣ መኪናዋ የራሱ ሳትሆን የሌላ ሰው እንደሆነች፣ ባለ ጋሪውን ተሸክሞ ሲሮጥ ሸሚዙ በደም እንደራሰና ሲያዝ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ እንደነበር ነገረን። ሊጠይቀው ሲሄድ በየጊዜው መጀመሪያ የሚለው «ባለ ጋሪው መራመድ ጀመረ?» ነው አለ። ስለ ራሱ ጠይቆ አያውቅም አለ። ኤዶ ኒሞ መሐል ላይ በሶማሊኛ ዴቃን ጠራቻት። ሁለቱ ሴቶች ብዙ አወሩ። ምን እንደተባባሉ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ሲጨርሱ ግን ሕፃኑ ኤዶ ኒሞ ጭን ላይ ነበር።

ከዚያ ጠቡ ተነሣ።

«እኔ ነኝ የምፈርም» አለች ኤዶ።

«አቦ ቀድሜ የመጣሁት...» አለ አብዲራሺድ።

«አንተ ምን ቀደምክ? እኔ ደረጃውን በጉልበቴ ወጥቼዋለሁ!»

«ኤዶ፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ሰውየው ቢጠፋ አንቺ እስር ቤት ልትገቢ ነው?»

«አይጠፋም!»

«አንድ ሰው ነው የሚፈለገው» አለ ሉቅማን። ማንም አልሰማውም።

እኔም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ፈቃዴ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበርና ወርጄ አወረድኩት። ጣቢያው ስንደርስ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ሰልፉን አይቶ «ማን ተጣላ?» አለ። ሉቅማን ለአንድ እስረኛ ዋስ ነን ሲለው አላመነም። በመጨረሻ ኤዶ ኒሞ ፈረመች፤ እኛ ደግሞ መርማሪው እስኪስቅ ድረስ አጠገቧ ቆመን መዝገብ ላይ ስማችንን እንዲጽፍ ለመንን። «ለምን?» አለ። መታወቂያችንን ዘረጋንለት።

ሃሺ ወጣ። አጭር ሰው ነው፤ ጢሙ ያለ ሥርዓት አድጓል። ኤዶ ኒሞ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ዐብዲፈታሕ ረዘም ያለ ነበር» አለች። ከዚያ እጁን ይዛ ወደ ቤቷ ለምሳ ወሰደችው።

ለችሎቱ ቀን ገና ጊዜ ስለነበር ሃሺ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። እኛ ቀረን። ሰውን ማመን ቀን ቀን ቀላል ነው። ሱቅ ሲዘጋ ግን ሐሳብ ይመጣል። አብዲራሺድ ከጎዴ የሚመጣ መኪና ባየ ቁጥር ሹፌሩን «ሃሺን ታውቀዋለህ?» ይላል። ኤዶ ኒሞን ባለ ሱቆቹ «ሰውዬሽ ጠፋ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ «አታውቁትም እናንተ» ትላለች፤ ግን ጨርቅ ስትለካ እየሳተች እንደሆነ ኢዲል ነግራኛለች። እኔ ከሰላት በኋላ በዱዓዬ ውስጥ ስሙን ጨመርኩት። ሉቅማን ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድም ምዕራፍ አላወጣም። ጠየቅነው። «መጀመሪያ ይሄኛው ይምጣ» አለ።

የችሎቱ ቀን ጠዋት ስንሄድ ብዙ ነን። የጨርቅ ተራው ግማሹ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። አብዲራሺድ በባጃጁ ተመላልሶ አዛውንቶቹን አመጣ፤ ሲሃም እንኳ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጣች። አዳራሹ ሞላ። የሃሺ ስም ተጠራ። የመለሰ የለም። ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ አደረጉ። ኤዶ ኒሞ እጄን ያዘች፤ ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል፣ በድሬ! ስሙ እንደገና ተጠራ። ሉቅማን ቆሞ ነበር፤ ዞሮ እኛን አየን። ልሳለቅበት የምችለው ነገር ሁሉ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር።

በሩ ተከፈተና ሃሺ ገባ። ከእግሩ እስከ ቅንድቡ አቧራ ነው። የተሳፈረበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ የቀረውን በጭነት መኪና ላይ መጥቷል። ከኋላው ዴቃ አለች፣ ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ከነሱም ኋላ በክራንች የሚሄድ ሰው ገባ፤ ባለ ጋሪው ነው። ከሃሺ ጋር ታርቋል፤ ይሄን ራሱ ሊናገርለት ነው የመጣው።

«ሱብሓነላህ» አልኩ በልቤ።

ዳኛዋ ሃሺን አዩ፤ ከዚያ አዳራሹን አዩ። በአንድ የትራፊክ ጉዳይ ላይ ይህን ያህል ሰው አይተው አያውቁ ይሆናል።

«ጠበቃ» አሉ፣ «እነዚህ ሰዎች ሁሉ የተከሳሽ ዘመዶች ናቸው?»

ሉቅማን ካባውን አስተካከለ። ረጅም ነገር ሊናገር ነው ብለን ተዘጋጀን።

«አይደሉም፣ የተከበረው ፍርድ ቤት» አለ። «አንባቢዎቼ ናቸው።»

ዳኛዋ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ወደ እኛ ተመለከቱ።

«ነን!» አለች ኤዶ ኒሞ ጮክ ብላ። ችሎት ውስጥ ሳይፈቀድ መናገር ክልክል መሆኑን ማንም አልነገራትም።

እኔ ግን አውቅ ነበር። አውቄም «ነን» አልኩ።